ፎቶግራፍና የባለመልኳ ድርሻ

የሴቶችን ዕርቃነ ሥጋ እያነሡ ከታወቁት የእንግሊዝ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ ሀሪሰን ማርክስ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. «ካሜራ» የተባለውን መጽሔት ሲያቋቁም፣ በሥዕሎቹ የምትታየው ፓሜላ ግሪን የሥራው ሸሪክ ነበረች። የገላ መራቆት የሚያስከትለው ነቀፋ እንዳለ ሆኖ፣ ስሟም ድርሻዋም አልተሰወረም።

በአገራችንም ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» በሚል መፈክር ኢትዮጵያን ካስተዋወቁበት ዘመን ጀምሮ የሴት መልክ ለእንግዳ መጥሪያ ሲያገለግል ቆይቷል። ከአርባ ምንጭ በላይ በዶርዜ ጥጥ ስትፈትል የምትነሣው ሴት ግን ብዙ ጊዜ «የዶርዜ ሴት» ከመባል በቀር ስም አይጻፍላትም። በጨዋ ልብስ መታየቷ ብቻ ሥዕሉን ጨዋ አያደርገውም። ስለዚህ ፎቶግራፍ ሲመዘን ከልብሱ አስቀድሞ የተነሣችው ሰው ፈቃድ፣ ስምና ጥቅም ሊጠየቅ ይገባል።