ያነበቡትን ለሌላ ስለ ማካፈል

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይላል ያገራችን ምሳሌ። አባቶቻችን ይህን ሲናገሩ፣ የሰሙትን ሁሉ እንዳለ ተቀብሎ እንዳለ ማስተላለፍ የገደል ማሚቶ ሥራ መሆኑን ማስገንዘባቸው ነው። የገደል ማሚቶ የጮኹበትን ይመልሳል እንጂ የተጮኸው እውነት ይሁን ሐሰት አይመረምርም። አስተዋይ ሰው ግን የሰማውን በልቡናው አበጥሮ፣ ፍሬውን ከገለባው ለይቶ፣ ከዚያ በኋላ ለወዳጁ ያቀብላል።

ዛሬ ይህን ምሳሌ እንድናነሣ ያደረገን በያንዳንዳችን የእጅ ስልክ ላይ በየቀኑ የሚፈሰው የንባብ ጎርፍ ነው። ማለዳ ከቤት ሳንወጣ አንዱ ወዳጃችን «ይህን ተመልከቱ» ብሎ የአንድ ድረ ገጽ ማስፈንጠሪያ ይልክልናል፤ ቢሮ ስንገባ ሁለተኛው፣ በምሳ ሰዓት ሦስተኛው ይደርሰናል። አንዱ ስለ ታሪክ፣ አንዱ ስለ ጤና፣ አንዱ ስለ አዲስ መጽሐፍ ይናገራል። ላኪው ብዙ ጊዜ ከራሱ የሚጨምረው ቃል የለም፤ ቢጨምርም «ድንቅ ነው» ከማለት አያልፍም። እኛም በበኩላችን ሳንከፍተው ለሌላ ወዳጅ እናሳልፈዋለን። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህ ነው። ያነበቡትን ለሌላ ማካፈልና ስላካፈሉት ነገር አስተያየት መስጠት እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ ሥራ ሊቈጠር ይችላልን? የሚቈጠር ከሆነስ ሕጉ ምንድን ነው? አንዳንድ ሰዎች «ይህ ተራ ጨዋታ ስለ ሆነ ሂስ አያስፈልገውም» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ሥራው ጥንታዊና የከበረ መሆኑን፣ የከበረም ስለ ሆነ ሲበላሽ ጕዳቱ የከፋ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

በ2ኛው መቶ ዓመት አውሉስ ጌልዩስ የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ ነበረ። ይህ ሰው በግሪክ አገር በአቲካ ሳለ በረዣዥሞቹ የክረምት ሌሊቶች፣ ካነበባቸው መጻሕፍትና ከሊቃውንት ከሰማው ጭውውት ደስ ያሰኘውን እየመረጠ መጻፍ ጀመረ፤ ሥራውንም «የአቲካ ሌሊቶች» ብሎ ሰየመው። መጽሐፉ 20 ክፍሎች አሉት። ሰዋስው፣ ሕግ፣ ታሪክና ፍልስፍና በውስጡ ያለ ተራ ተደባልቀው ይገኛሉ። ጌልዩስ ይህን የጻፈው ልጆቹ ከሥራ ሲያርፉ አእምሯቸውን የሚያዝናኑበት ንባብ እንዲያገኙ መሆኑን በመቅድሙ ይገልጻል። ሥራውን ዋጋ ያለው ያደረገው ግን ቃሉን ከማን እንደ ወሰደ ደጋግሞ መናገሩ ነው። እንደ ኤንዩስና እንደ ሽማግሌው ካቶ ያሉት የጥንት ደራስያን አብዛኛው ሥራቸው ጠፍቶ ሳለ፣ ከጠፋው ውስጥ ጥቂቱ ለኛ የደረሰው ጌልዩስ ከነስማቸው ጠቅሶ ስላስቀመጠው ነው። የራሱም መጽሐፍ ቢሆን ሙሉ ሆኖ አልቈየም፤ ከ8ኛው ክፍል የተረፈው የምዕራፎቹ አርእስት ብቻ ነው። አርእስቱን አንብቦ ውስጡን ማጣት ምን ያህል እንደሚያስቈጭ ይህን ክፍል የተመለከተ ሰው ይረዳዋል። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

በ9ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ኋላ የቍስጥንጥንያ ፓትርያርክ የሆነው ፎትዩስ ለወንድሙ ለታራስዩስ ብሎ ያነበባቸውን ወደ 280 የሚጠጉ መጻሕፍት እየዘረዘረ ጻፈለት። ፎትዩስ ለያንዳንዱ መጽሐፍ ደራሲው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚል፣ አነጋገሩ የጠራ ወይም የተንዛዛ መሆኑን ይናገራል። የማይስማማበትን ደራሲ እንኳ ቋንቋው ያማረ እንደ ሆነ ማመስገኑን አይተውም፤ የሚስማማበትም ሰው አጻጻፉ የከበደ እንደ ሆነ ይነቅፈዋል። ከነዚያ መጻሕፍት ግማሽ ያህሉ ዛሬ የሉም፤ ስለ እነርሱ የምናውቀው ፎትዩስ ለወንድሙ በጻፈው ነው። ለአንድ ሰው በፍቅር የተጻፈ ማስታወሻ ከ1,000 ዓመት በላይ ለብዙ ሺህ ሰዎች ተረፈ ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ሥራ ባዶ አይደለንም። «አንጋረ ፈላስፋ» በሚል ስም የሚታወቀው መጽሐፍ፣ ሁናይን ኢብን ኢስሐቅ በ9ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ከሰበሰበው የጥንት ጠቢባን ቃል የመነጨ ሲሆን በ16ኛው መቶ ዓመት አባ ሚካኤል ወደ ግዕዝ መልሰውታል። ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ብዙ የደከሙት ፕሮፌሰር ክላውድ ሳምነር እንዳስረዱት፣ የኛ ተርጓሚዎች የመጣላቸውን ቃል በቃል አያስተላልፉም፤ ለአንባቢያቸው እንዲስማማ ይጨምሩበታል፤ ይቀንሱለታል። ይህ ራሱ መላ መጨመር ነው። ከዚህም ይበልጥ የሚያስደንቀው የአንድምታው ሥርዐት ነው። መምህሩ በፊት ንባቡን ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ነጠላ ትርጕሙን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን ትርጓሜ ይደረድራል። ንባቡና ትርጓሜው አይቀላቀሉም፤ ተማሪው የመጽሐፉ ቃል የቱ እንደ ሆነ፣ የመምህራን ሐሳብ የቱ እንደ ሆነ ለይቶ ያውቃል። አስተያየት ለመስጠት ለሚነሣ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የሚገኝ አይመስለንም።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1989 በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሳለ፣ አንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ጽሑፍ የሚያሻግርበትን የድረ ገጽ ዘዴ ሐሳብ አቀረበ። ገጾቹ እየበዙ ሲሄዱ ከመካከላቸው መልካሙን የሚመርጥ ሰው አስፈለገ። በ1998 በኒው ዚላንድ የፍልስፍና መምህር የነበረው ዴኒስ ደተን «አርትስ ኤንድ ሌተርስ ዴይሊ» የተባለውን ገጽ የመሠረተው በዚህ ምክንያት ነው። ገጹ ሦስት ዓምድ አለው፤ አንዱ ለመጣጥፎች፣ ሁለተኛው ለአዳዲስ መጻሕፍት፣ ሦስተኛው ለሐተታና ለአስተያየት የተመደበ ነው። ስለ ያንዳንዱ ጽሑፍ ጥቂት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይቀመጣል፤ አንባቢው ከወደደ ወደ ዋናው ጽሑፍ ይሻገራል። ደተን በ2010 ካረፈ በኋላም ሥራው አልተቋረጠም።

የዚህ ሥራ ውበቱ ቍጥብነቱ ነው። ጸሐፊው በሩን ከፍቶ ያሳያል እንጂ በበሩ ላይ ቆሞ መንገድ አይዘጋም። ነገር ግን ሂስ እንደ መሆኑ ጕድለቱንም ሳንናገር አናልፍም። አጫጭሮቹ ማስታወሻዎች አንባቢን ለመሳብ ሲሉ ብዙ ጊዜ የደራሲውን ስምና ጽሑፉ የወጣበትን መጽሔት ሳይገልጹ ይቀራሉ፤ ይህም የጠራውን ሰው ሳያውቁ ግብዣ እንደ መግባት ነው። ደግሞም ምርጫው ራሱ ፍርድ ቢሆንም የፍርዱ ምክንያት አይነገርም። ፎትዩስ ጽሑፉ ለምን እንደ ወደደው ወይም እንደ ጠላው ይነግረናል፤ ደተን ግን ያስጎመጀንና ይተወናል። ሁለቱን ብናመዛዝን፣ ለአንባቢ ጊዜ የሚያስበው ደተን፣ ለአንባቢ ልቡና የሚያስበው ፎትዩስ ነው ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ደተን የሚያቀርበውን መርጦ ያቀርብ ነበረ። የኛ የዛሬው ልማድ ከዚህ እጅግ የራቀ መሆኑን በራሳችን ላይ ከደረሰው እንመስክር። የዛሬ ጥቂት ዓመት ስለ ውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል የሚናገር አንድ ማስፈንጠሪያ ደረሰን። አርእስቱ ያማረ ስለ ነበረ ሳንከፍተው የሥራ ባልደረቦቻችን ወዳሉበት የቴሌግራም ቡድን ላክነው። ከባልደረቦቻችን አንዱ፣ በመዝገብ ቤት ለብዙ ዘመን ያገለገሉ አባት፣ 12ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ነበረቻቸው። ማስረጃዋን አስተረጐሙ፣ አስመሰከሩ፣ ለዚህም ከደመወዛቸው ላይ ገንዘብ ከፈሉ፤ ሁለት ቀንም ፈቃድ ወስደው ተንከራተቱ። ልጂቱ ማመልከቻውን ለመሙላት ስትቀመጥ ግን ጊዜው ካለፈ አንድ ዓመት ሆኖታል። እኛ ዐፍረን «ምነው ቀኑን ሳያዩት?» ብንላቸው «እኔ ወረቀቱን መች አመንሁ ልጄ፤ ያመንሁት አንተን ነው» አሉን።

ይህ ቃል ከልባችን አልወጣም። እኛ የላክን የመሰለን ማስፈንጠሪያ ነበረ፤ እርሳቸው የተቀበሉት ግን ስማችንን ነው። ባገራችን ልማድ ለተበዳሪ ዋስ የሆነ ሰው፣ ተበዳሪው የጠፋ እንደ ሆነ ዕዳውን ይከፍላል። ያነበቡትን ማካፈልም እንዲሁ ዋስ መሆን ነው። የዚያን ጊዜ ግን ዕዳውን የከፈልነው እኛ አልነበርንም።

ይህም የኛ ብቻ በሽታ አለመሆኑን ጥናቶች ያስረዳሉ። በ2016 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ኢንሪያ የተባለው የፈረንሳይ ተቋም ተመራማሪዎች፣ በዚያን ጊዜ ትዊተር ይባል በነበረው መድረክ ላይ ሰዎች ከሚያካፍሏቸው የዜና ማስፈንጠሪያዎች 59 በመቶው አንድም ሰው እንዳልከፈታቸው ገለጹ። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በፌስቡክ ላይ ከተላለፉት ማስፈንጠሪያዎች 75 በመቶ ያህሉ አስተላላፊው ራሱ ሳይከፍታቸው የተላለፉ መሆናቸውን አመለከተ። ትዊተር በ2020 ሳይከፍት ሊያስተላልፍ ያለውን ሰው «መጀመሪያ አታነበውምን?» ብሎ የሚጠይቅ ማሳሰቢያ ቢያወጣ፣ ማሳሰቢያውን ካዩት በኋላ ጽሑፉን የሚከፍቱት ሰዎች በ40 በመቶ እንደ ጨመሩ አስታውቋል። ስለዚህ ችግሩ በአብዛኛው የክፋት ሳይሆን የችኰላ ነው፤ ችኰላም በትንሽ ልማድ ይታረማል።

ልማዱ ምን ይሁን ቢባል፣ ከላይ ከጠቀስናቸው ሰዎች አራት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ እንደ ፎትዩስ እስከ መጨረሻው ማንበብ፤ ያላነበቡትን ማካፈል ያልቀመሱትን ወጥ ለእንግዳ እንደ ማቅረብ ነው። ሁለተኛ፣ እንደ ጌልዩስ የማን ቃል እንደ ሆነና መቼ እንደ ወጣ መናገር። ሦስተኛ፣ ለማን እንደሚጠቅምና ለምን እንደ መረጡት መግለጥ። አራተኛ፣ እንደ አንድምታው መምህር የጽሑፉን ቃልና የራስን ሐሳብ ለይቶ ማስቀመጥ። ለምሳሌ ያህል እኛ በዚያን ቀን፣ «ማስታወቂያው የወጣው በዚህ ወር ነው፤ የሚዘጋው በዚህ ቀን ነው፤ 12ኛ ክፍል ለጨረሱ ነው፤ እኔ አንብቤዋለሁ» የሚሉትን አራት ቃላት ለመጻፍ ብንነሣ ኖሮ፣ ለመጻፍ ስንል ማንበብ ግድ ስለሚሆንብን ስሕተቱን ራሳችን ባገኘነው ነበረ። አስተያየት መጻፍ አንባቢን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውንም እንደሚጠብቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማእከል በ2024 እንዳስታወቀው፣ በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ አይገኙም። ባዶ ማስፈንጠሪያ ብቻ ያካፈለ ሰው ገጹ ሲጠፋ ለወዳጁ የሚያተርፍለት አርእስቱን ብቻ ነው፤ ከጌልዩስ 8ኛ ክፍል ለኛ የደረሰንም ያው ነበረ። የጽሑፉን ፍሬ ነገር በሁለትና በሦስት ዐረፍተ ነገር አጠቃሎ የላከ ግን ገጹ ቢጠፋ እንኳ ቁም ነገሩ በወዳጁ ዘንድ ይቀራል።

«አስተያየት ማከል በአንባቢ ላይ የራስን ሐሳብ መጫን ነው፤ ዝም ብሎ መላክ ይሻላል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፣ አንዳንዱ አስተያየት ከጽሑፉ ይረዝማል፤ አንዳንዱም ጽሑፉን አጣሞ ያቀርባል። ነገር ግን ዝምታም አስተያየት ነው። ሳይናገሩ የላኩት ሁሉ «ይህን አምናለሁ» እንደ ማለት ይቈጠራል፤ የመዝገብ ቤቱ አባት የተረዱትም እንዲሁ ነበረ። ንባቡን ከትርጓሜው የለየ አስተያየት አንባቢን አይጫነውም፤ ይልቁንም ተከራክሮ የሚጥልበትን ቦታ ያሳየዋል።

መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ ሹማምንት ለሠራተኞቻቸው፣ ተማሪዎችም እርስ በርሳቸው በየቀኑ ብዙ ንባብ ይለዋወጣሉ። በሳምንት 30 ማስፈንጠሪያ ከመላክ፣ አንብበው የመረመሩትን አንዱን ከሦስት ዐረፍተ ነገር ጋር መላክ የሚበልጥ መሆኑን እናምናለን። እኛም ከዚያን ቀን ወዲህ ይህን ልማድ አድርገን ይዘናል። እኒያ አባት አሁንም በቡድናችን ውስጥ አሉ፤ የምንልከውንም ሁሉ እስከ ዛሬ ሳይከፍቱ አያልፉም።