ሁሉም እንዲያይ የተሠራ ወለል

ሲኒማ ቤት ስትገቡ ከስክሪኑ በፊት ወለሉን እዩ። መብራት ሳይጠፋ፣ ሰውም ወንበሩን ሳይሞላው፣ መተላለፊያው መሐል ቆማችሁ ከፊት ወደ ኋላ ተመልከቱ። ጥሩ ባለሙያ የሠራው ወለል ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁልቁለት የለውም። ከስክሪኑ አጠገብ ለጥ ብሎ ይጀምርና ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር አቀበቱ እየበረታ ይሄዳል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው እይታ ከፊቱ ካለው ሰው ዓይን 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት፤ አለዚያ የፊተኛው ራስ የስክሪኑን ታችኛ ክፍል ይጋርዳል። ይህን 12 ሴንቲ ሜትር ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው ለመጠበቅ የሚቻለው ወለሉን በማጉበጥ ነው። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጆን ስኮት ራስል የዚህን ጉብጠት ሒሳብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1838፣ ሲኒማ ገና ሳይታሰብ ነው። ተመልካቹ ግን ስለዚህ ሁሉ ምንም አያውቅም። ይቀመጣል፣ ያያል፣ ይወጣል። ሙያው ፍጹም ሲሆን ከዓይን ይሰወራል፤ እኔ ስለዚህ ወለል መጻፍ የፈለግሁትም ለዚሁ ነው።

ይህን ጥበብ ሜዳ አውጥቶ ያገዘፈው ጣራ የሌለው ሲኒማ ነው፤ ሰው መኪናው ውስጥ እንደ ተቀመጠ ፊልም የሚያይበት ድራይቭ ኢን። የኒው ጀርሲው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ ሐሳቡን የሞከረው በቤቱ ደጅ ነበር። የመኪናው ኮፈን ላይ የኮዳክ ፕሮጀክተር አስቀመጠ፣ ዛፍና ዛፍ መሐል አንሶላ ወጠረ፣ ከአንሶላው ጀርባ ራዲዮ አኖረ። ዝናብ ቢመጣ ከውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚያይ ለማወቅም የአትክልት ውኃ ማጠጫ ከፍቶ መኪናው ላይ አዘነበ። የሥራው ልብ ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ኋላ የቆመው መኪና የፊተኛውን ጣራ አልፎ እንዴት ያያል? ሆሊንግስሄድ መኪኖቹን አስከትሎ አቁሞ የፊት ጎማቸው ሥር ድጋፍ እየወሸቀ አፍንጫቸውን ቀና አደረገ፤ ተቀመጠ፣ አየ፣ እንደገና ለካ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1933 የፈጠራ መብቱን ተቀበለ፣ በቀጣዩ ወር ካምደን አካባቢ የመጀመሪያውን ድራይቭ ኢን ከፈተ። ያስመዘገበው ፈጠራ ዋና ነገር ስክሪኑ ወይም ማሽኑ አልነበረም፤ የአፈሩ አቀማመጥ፣ ማለት መኪናውን ቀና የሚያደርገው የጉብታ ረድፍ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከ4,000 በላይ እንዲህ ያሉ ሲኒማዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ስክሪኑ ፈርሷል፣ ቲኬት መቁረጫው ተነቅሏል፣ የድምፅ ማጉያው ምሰሶ ተሸጧል። ሆኖም የቀድሞ ቦታቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶ ሲመለከቱ ያገኙዋቸዋል፤ ሣር የወረሰው ሜዳ ላይ የጉብታዎቹ ረድፍ እንደ እርሻ ትልም ተደርድሮ፣ ስክሪኑ ወደ ነበረበት አቅጣጫ በቅስት ዞሮ ይታያል። ከግንባታው ሁሉ ዕድሜ ያገኘው በጥንቃቄ የተለካው አፈር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የሲኒማን አሻራ የሚፈልግ ሰው ከሰማይ ቢመለከት ብዙ አያገኝም። እዚህ ዓይን ከግድግዳ ጋር መጠጋት አለበት። መስኮት የሌለው ረጅም የጎን ግድግዳ፣ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈቱ ሰፋፊ የጎን በሮች፣ ከኋላ ግድግዳ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች፤ እነዚህ ከታዩ ቤቱ ዛሬ መጋዘንም ይሁን የስብሰባ አዳራሽ አንድ ዘመን ፊልም ታይቶበታል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ቀዳዳዎቹ ጥንድ የሆኑት በአንዱ ብርሃኑ ስለሚወጣ፣ በሌላው ደግሞ የማሽኑ ባለሙያ ስለሚያይ ነው።

ከለገሃር ብዙ ሳይርቅ ያለውን ብሔራዊ ቴአትር ውሰዱ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ነው። ከነጻነት በኋላ ሥራው ሰፍቶ ተጠናቀቀና በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ። መድረኩን የከፈተው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ንድፉን የሠራው ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት፣ ሌላ ሰው ለሌላ ዓላማ የጀመረውን ሥራ ተረክቦ ከተማው እስከ ዛሬ የሚኮራበትን ቤት አወጣበት። በእኔ ግምት ይህ ባዶ መሬት ላይ ከመሥራት ይከብዳል። ለሲኒማ አንድ ጠፍጣፋ ስክሪን ይበቃዋል፤ ለቴአትር ግን የተዋናዩ እግር ጭምር መታየት አለበት፣ ድምፁም ያለ ማጉያ ከኋላ ረድፍ መድረስ ይኖርበታል። የሲኒማ ቤት ወለል ለቴአትር ቤት የማይበቃው ለዚህ ነው።

ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳም የዚያው ዓመት ሥራ ነው። ቁመቱ 10 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ካልካ የአንበሳውን ፀጉር አንድ በአንድ ልቅረጽ አላለም። ጋማውን በጥርት ባሉ ጠርዞች ከፋፍሎ ደረደረው፤ ስለዚህ ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ጥላው በየጠርዙ እየተዛወረ የአንበሳው ፊት ይለዋወጣል። ጠዋት ያያችሁት ከሆነ ማታም ተመልሳችሁ እዩት።

ከዚያው ሰፈር፣ ከስታዲየም አቅራቢያ አምባሳደር አለ። ለስንት ትውልድ የአዲስ አበባ ሰው ሲኒማ ማለት እሱ ነበር፤ መጀመሪያ የአሜሪካና የሕንድ ፊልም፣ ኋላም የአማርኛ ፊልምና ቴአትር የታየበት ቤት ነው። ስለ አምባሳደርና ስለ መሰሎቹ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሡት ተዋናዮቹና ወረፋው ናቸው። እኔ ግን ማንም የማያስታውሰውን ሰው ላንሣ፤ ከላይ በጠባቧ ክፍል፣ ከማሽኑ ሙቀት ጋር አብሮ የሚያመሸውን ኦፕሬተር።

የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። ይህ ማለት በደቂቃ 27 ሜትር ያህል ነው፤ የሦስት ሰዓት የሕንድ ፊልም ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያ ሁሉ ርዝመት በኦፕሬተሩ እጅ ያልፋል። ፊልሙ ግን ዝም ብሎ አይፈስም፤ ማሽኑ ውስጥ ያለ የመስቀል ቅርጽ ያለው ትንሽ ብረት እያንዳንዱን ምስል ስቦ ያመጣል፣ ብርሃኑ ፊት ያቆማል፣ ይለቃል፣ ቀጣዩን ይስባል። በሰከንድ 24 ጊዜ መሄድና መቆም። ጥቅሉ በአንድ በኩል ሳያቋርጥ ይሽከረከራል፣ መሐል ላይ ግን ፊልሙ እየተነጠቀ ይቆማል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ኦፕሬተሩ ፊልሙን ሲያስገባ ከብርሃኑ በር በላይና በታች በጣቱ የሚተወው ትርፍ ነው። ከጠበበ ፊልሙ ይበጠሳል፤ ከሰፋ ከማሽኑ ጋር ይፋተጋል። የታችኛው ትርፍ ሌላም ሥራ አለው። ድምፁ የሚነበበው ከምስሉ 20 ፍሬም ርቆ ስለሆነ፣ ትርፉ ከተዛባ የተዋናዩ ከንፈርና ድምፁ ይለያያሉ። ይህን በመለኪያ የሚያረጋግጥ ኦፕሬተር የለም፤ እጁ ያውቀዋል፣ ጆሮውም የማሽኑን ድምፅ ሰምቶ ይፈርዳል።

መብራቱስ? የዜኖን አምፖል ከመምጣቱ በፊት ብርሃኑ የሚገኘው ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ተቃርበው ኤሌክትሪክ ሲዘልባቸው ነበር። ዘንጎቹ እየነደዱ ያጥራሉ፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ሲሰፋ ስክሪኑ ላይ የሰው ፊት ቀለሙ ይለወጣል፣ ብርሃኑም ይደክማል። ኦፕሬተሩ በጥቁር መስታወት እየተመለከተ ክፍተቱን ደጋግሞ ያስተካክላል። 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ምስል 10 ሜትር ስክሪን ላይ ስትወድቅ 450 ጊዜ ያህል ታድጋለች፤ የብርሃኑ በር ላይ የቀረች ብናኝም አብራ ታድጋለች። በየጥቅሉ መካከል በሩን በብሩሽ የሚጠርግ ኦፕሬተር ለተመልካቹ ያለው ክብር እዚያ ላይ ይታያል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ቅጽበት ነው። አንድ ጥቅል 20 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ሊያልቅ 8 ሰከንድ ያህል ሲቀረው ስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ ከላይ፣ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች፤ ኦፕሬተሩ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ያስነሣል። መጨረሻው ላይ ሌላ ምልክት፤ አንዱን ብርሃን ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። አዳራሹ ውስጥ እያለቀሰ ያለ ሰው ዕንባው ሳይቋረጥ ፊልሙ ይቀጥላል። በአንድ ምሽት ይህ አምስትና ስድስት ጊዜ፣ ሕንድ ፊልም ከሆነ ከዚያም በላይ ይደገማል፣ ማንም አያውቅም። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ለእይታ ሲበቃ፣ ኢትዮጵያዊ ታሪክ በረጅም ፊልም ያየው የመጀመሪያው ተመልካችም ያየው በእንዲህ ያለ ሰው እጅ ነው። የደራሲውና የዳይሬክተሩ ስም ተጽፏል፤ የዚያች ማታ ኦፕሬተር ማን ነበር ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ካዛንቺስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሲኒማ ነበራት። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሠሩበት ይህ ሰፈር፣ ኋላ ቆርቆሮና ጭቃው በየጓሮው ሲጨመር፣ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ ቪዲዮ ቤት በቀለበት። ቪዲዮ ቤትን ሲኒማ ብሎ መጥራት የሚያሳፍረው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔን አያሳፍረኝም። ጥሩ ቪዲዮ ቤት የከፈተ ሰው ከስኮት ራስልና ከሆሊንግስሄድ ጋር አንድ ጥያቄ ገጥሞታል፤ የኋለኛው እንዴት ያያል? መልሱን በእንጨት አገኘው። ከፊት ለልጆች ከመሬት ጥቂት ከፍ ያለ አግዳሚ፣ መሐል ላይ መደበኛው፣ ከግድግዳው ሥር እግር የሚያንጠለጥል ረጅም። ቴሌቪዥኑ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ይወጣና ከኋላው ሽብልቅ ገብቶበት ወደ ሰዉ ጎንበስ ይላል። ቀዳዳ ሁሉ በካርቶንና በጥቁር ጨርቅ ይደፈናል። ካሴቱ ሲያረጅ ምስሉ በረዶ ይዘንብበታል፤ ባለቤቱ ዴኩን ፈትቶ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ካሴቱን የሚያነበውን ራስ ይጠርጋል፣ የተበጠሰውን ክር ጫፍና ጫፉን ገጥሞ በፕላስተር ያያይዛል። በር ላይ በጠመኔ የቫንዳምና የጃኪ ቻን ስም ተጽፎ ይቆማል፣ ፊደሉ ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ ሆኖ። ልኬቱን ያስተማረው ማንም የለም፤ የኋላ ረድፍ ደንበኛ ካላየ ነገ ስለማይመጣ ግን በጥንቃቄ ለክቷል።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ትልቁ ክፍል ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ግንባታ ፈረሰ፣ ነዋሪውም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። አግዳሚ ወንበር ጉብታ አይተውም። ድራይቭ ኢን ከፈረሰ በኋላ የሚነበብ መሬት ያስቀራል፤ የቪዲዮ ቤት መሬት ግን ከቤቱ ጋር ተጠርጎ ሄዷል፣ አሁን ያለው እዚያ ተቀምጦ ያየ ሰው ትዝታ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ ከዚያው ሰፈር ጥግ ያለው አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ተከፈተ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የሠራው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው አዳራሽ ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ለባለሙያ ተሰጥቶ እንክብካቤ አገኘ፤ ፀሐይ ከጀርባው ስትመጣ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን እንደ ገና ታበራለች። ከጀርባ በሚመጣ ብርሃን ሥዕል ማሳየት የሲኒማም ሙያ ነው። አንዱ ይህን ያህል ከተከበረ ለሌላው ቢያንስ መለኪያ ሜትርና ካሜራ ይገባዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለባለሙያዎችና ለእናንተ ለአንባቢዎች ነው። የአርክቴክቸር ተማሪዎች፣ ነባር የሲኒማ አዳራሽ ሲታደስ ወይም ሲፈርስ ከመዶሻው ቀድማችሁ የወለሉን ጉብጠት በየረድፉ ለኩ፣ የማሽን ክፍሉን ቀዳዳዎች ከነከፍታቸው ሣሉ። አዳራሽ የምታስተዳድሩ፣ አሮጌውን ማሽን ለብረት ገዢ አትስጡ። ካዛንቺስ ያደጋችሁ፣ ቪዲዮ ቤቱ የትኛው ግቢ ውስጥ እንደ ነበር፣ አግዳሚው ስንት ረድፍ እንደ ነበር ካርታ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ጻፉ። አባቱ ወይም አጎቱ ኦፕሬተር የነበረ ሰውም ዛሬውኑ ስልኩን ከፍቶ ድምፃቸውን ይቅዳ፤ ፊልሙን እንዴት እንደሚያስገቡ፣ ትርፉን በስንት ጣት እንደሚለኩ፣ የተበጠሰውን በምን እንደሚቀጥሉ ይጠይቃቸው። ስማቸውንም ይጻፍ።