«ሸሞንሟናዬ» ከጠባብ ክፍል ሲደመጥ

ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ወደ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ሲገባ ከኋላው ባንድ አልነበረም። ሙያውን የተካነው ግን በባንድ ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሂልተን ዓመታት ተጫውቷል፤ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን አልበም አብረው አውጥተዋል፤ በ1981 ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከፊሎቹ ሲመለሱ እሱ እዚያው ቀርቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከበሮ መቺው፣ ቤዝ ተጫዋቹ፣ ሳክስፎን የሚነፋው ሁሉ በሌሉበት የእነሱን ቦታ በማሽን ሞልቶ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ላይ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» ተብሎ ተጻፈ። መሣሪያው አኮርዲዮን ነው፤ አልበሙም «ሸሞንሟናዬ» ይባላል።

ይህን አልበም ለዓመታት ስሰማው ኖሬያለሁ። በደንብ የሰማሁት ግን ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር በተከራየኋት ክፍል ኪቦርድና ላፕቶፕ ዘርግቼ እኔም ብቻዬን ለመሥራት ስሞክር ነው። ሰው ራሱ ያልሞከረውን ሥራ ሲሰማ ውጤቱን ብቻ ነው የሚሰማው። ሞክሮት ሲሰማ ግን ሠሪው የቱ ጋ እንደተቸገረ፣ የቱ ጋ እንደተወው፣ የቱን ደግሞ እንቢ ብሎ እንደያዘ ጆሮው ይነግረዋል።

ክፍሏ ርዝመቷ 3 ሜትር፣ ወርዷ 2 ሜትር ተኩል ነው። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ጠረጴዛ ገዝቼ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርዴን ሳስቀምጥበት ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጣ፤ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ኪቦርድ ሲቀመጥ የኪቦርዱ ውፍረት ይጨመርበትና ክርን ከእጅ አንጓ በታች ይውላል። አናጺ ጠርቼ እግሮቹን 8 ሳንቲ ሜትር አስቆረጥኩ። ላፕቶፑን በመጻሕፍት ላይ ከፍ አድርጌ ከፊት ለፊቴ አኖርኩት፤ በጎን ያኖርኩት ጊዜ አንገቴ በሁለተኛው ቀን ተቆልምሞ ነበር። ድምፅ እንዲውጥልኝ በስተኋላዬ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ቤዙ ግን አስቸገረኝ። በሦስት ሜትር ክፍል ውስጥ 57 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ያብጣል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ደግሞ ያባብሰዋል። ስፒከሮቹን ከጥጉ አውጥቼ ወደ ክፍሉ እስክስባቸው ድረስ የሠራሁት ቤዝ ሁሉ ሌላ ቤት ሲከፈት ባዶ ሆኖ ይገኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን መዘግየቱ ነው። ኪቦርዱን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ስጫወት ጣቴ ቁልፉን ከነካ በኋላ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ፕሮግራሙ በፈሩን (ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅምበትን ቋት) 1024 ሳምፕል ላይ አድርጎት ኖሯል፤ በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ሲሰላ ይህ 23 ሚሊሰከንድ ነው። ለጆሮ ኢምንት ይመስላል፤ ለእጅ ግን አይደለም። ችክችካ ስጫወት እጄ የዘገየውን ድምፅ እየጠበቀ ምቱን ወደ ኋላ ይጎትተው ጀመር። ወደ 128 ሳወርደው ወደ 3 ሚሊሰከንድ ወረደ፤ እጄም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ኃይሉ ይህ ችግር አልነበረበትም። በእጁ የነበሩት ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ድራም ማሽን ናቸው፤ ሲነኩ ወዲያው ይጮኻሉ። የእሱ ችግር ሌላ ነበር። አንዱን ቀድቶ፣ ቴፑን አጠንጥኖ፣ በላዩ ሌላውን ይደርባል፤ እኔ ዛሬ በማውስ ጎትቼ የማስተካክለውን ስህተት እሱ ደግሞ ተጫውቶ እንጂ አያስተካክለውም። ዲኤክስ 7 በ1983 የወጣ መሣሪያ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ፣ እንደ መስታወት የሚያቃጭል፣ ዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ የተቀበለው ድምፅ ነበር፤ ለዚህም ነው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ከየትም አገር ይምጣ ተመሳሳይ ቀለም ያለው። «ሸሞንሟናዬ» ግን ከዚያ ሁሉ መሐል ቶሎ ይለያል። የሚለየውም ዋናው ዜማ በአኮርዲዮን ስለተያዘ ነው።

ማስተዋል የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሮድሱ፣ ሙጉ፣ ዲኤክሱና ድራም ማሽኑ በገመድ የሚገቡ ናቸው፤ ክፍል አያውቁም፣ አየር አያውቁም። አኮርዲዮን ግን ወናፍ አለው። ሰው በክንዱ ሲገፋው ይጮኻል፣ ሲስበው ይጮኻል፣ ክንዱ ሲደክም ድምፁም ይደክማል። ዜማው ሲረዝም ወናፉ ሞልቶ አቅጣጫ መቀየር አለበት፤ በዚያች ቅጽበት እንደ ዘፋኝ ትንፋሽ ያለች ስንጥቅ ትፈጠራለች። ኃይሉ እነዚህን ስንጥቆች አልደበቃቸውም። በዜማው ሐረግ መጨረሻ ላይ አሳርፏቸዋል፤ ዘፋኝ ግጥሙን በሚተነፍስበት ቦታ ማለት ነው።

አኮርዲዮን በዚያን ጊዜ በአገራችን የተረሳ መሣሪያ ነበር። ኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን ከመግባታቸው በፊት ይወደድ ነበር፤ በኋላ ግን መድረኩን ለቀቀ። ኃይሉ በባንድ ዘመኑ ራሱ ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ነው የታወቀው። በባዕድ አገር ብቻውን ሲቀር ያን የጥንቱን መሣሪያ አውጥቶ ከአዲሶቹ ማሽኖች ጋር ማስቀመጡ የናፍቆት ሥራ ነው ሊባል ይችላል። እኔ ግን ከናፍቆትም በላይ ትልቅ ሙዚቃዊ ማስተዋል አይበታለሁ። ሁሉን ነገር ለማሽን ሰጥቶ አንዱን ብቻ አልሰጥም ማለት ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ በተለይ ማሽኑ ያንንም አንድ ነገር እሠራልሃለሁ ሲል።

በአልበሙ ውስጥ «አምባሰል» የሚል ሥራ አለ። ለእኛ ለወሎ ሰዎች ስሙ ብቻ ጆሮ ያቆማል። አምባሰል አገር ነው፣ አምባሰል ቅኝት ነው። መነሻው ሲ ቢሆን ቅኝቱ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይሄዳል። ሐዘኑ ያለው ከመነሻው አፍ ላይ በተጠጋችው በሁለተኛዋ ድምፅ ነው። ይህችን ድምፅ ኪቦርድ ላይ ማግኘት ቀላል ይመስላል፤ ጥቁሯን ቁልፍ መንካት ነው። አንድ ቀን ክፍሌ የመጡ አዛውንት መሰንቆ ተጫዋች ግን አልተቀበሉኝም። ቁልፏን ስነካ ሰሙ፤ ጣታቸውን በጭራው ላይ አሳርፈው ፈለጉ፤ ከዚያ ጣታቸውን የጤፍ ፍሬ ያህል ገፋ አድርገው «እዚያ ጋ አይደለችም ልጄ፤ ትንሽ ወዲህ ናት» አሉኝ። ደግሜ ነካሁ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልዩነቱን እኔም ሰማሁት። ኪቦርድ የሰው እጅ በልምድ ያስቀመጣቸውን እነዚያን ጥቃቅን ርቀቶች በእኩል በተከፈሉ አሥራ ሁለት ድምፆች ይቆልፋቸዋል።

አኮርዲዮንም ቢሆን ያው ነው፤ ድምፁ ተቆልፎ የተሠራ መሣሪያ ነው። ኃይሉ ያችን ትንሽ ወዲህ የምትሆን ድምፅ ሊያወጣት አይችልም። የሚያደርገው ሌላ ነው። ድምፁን ሳይሆን ጉልበቱን ይለውጣል። ድምፁን ለስለስ አድርጎ ይጀምርና በወናፉ ያሳብጠዋል፤ ከጎኗ ያለችውን ድምፅ በፍጥነት ነካ አድርጎ ይመለሳል፤ ጆሮም በሁለቱ መሐል ያልተጫወታትን ሦስተኛ ድምፅ የሰማ ይመስለዋል።

ድክመቱንም መናገር ይገባል። ድራም ማሽኑ አልበሙን ሙሉ ሲያገለግል ደክሞት አያውቅም፤ አለመድከሙ ነው ችግሩ። የዋልያስ ከበሮ ዜማው ሲሞቅ አብሮ ይሞቅ፣ ሲበርድ ይበርድ ነበር። እዚህ ግን አኮርዲዮኑ ሲያጉረመርምም ሲጮኽም ማሽኑ ያንኑ ያንኑ ይመታል። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ለሚሰማው ሰው ይህ ያሰለቻል፤ እኔን አሰልችቶኝ ያውቃል። ሥራዎቹ በካሴት ሁለት ገጽ ተከፍለው፣ ገጹ ሲገለበጥ ጆሮ ሲያርፍ የተሻለ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሲሠራም ለካሴት ነበርና። ሲንተሳይዘሮቹም በአንዳንድ ቦታ ከሚፈለገው በላይ ያጅባሉ፤ አኮርዲዮኑ ዝም ባለበት ቦታ ዝም ቢሉ ምንኛ ጥሩ ነበር!

በ2013 አልበሙ በአሜሪካ እንደገና ታተመ። ያሳተመው የኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ባለቤት ብራየን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ከዚያ በኋላ የጻፉለት የውጭ ሰዎች አብዛኞቹ ሕልም መሳይነቱን፣ እንግዳ ድባቡን አደነቁ። ውዳሴው ከልብ ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዜማዎቹ ቃላቸውን የምናውቃቸው ናቸው፤ ዘፋኝ ባይኖርም ሰሚው በሆዱ ይዘፍናቸዋል። የውጭ ሰው ባዶ ቦታ የሚሰማበት ላይ እኛ ግጥም እንሰማለን። ኃይሉም ያንን ቦታ የተወው እናውቀዋለን ብሎ በማመን ይመስለኛል። ይህን ያላገናዘበ ግምገማ የአልበሙን ግማሽ አልሰማም።

በዚያው ዘመን ሌላ ጠባብ ክፍል ነበረች። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1977 እና በ1985 መካከል አዲስ አበባ በቤታቸው ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ የዘመሯቸውን ዜማዎች በቤት ቴፕ ቀድተው ነበር፤ «ሱቨኒር» በሚል ርዕስ በ2024 ታትመዋል። እማሆይ በወጣትነታቸው አሥር ዓመት ያህል በግሸን ማርያም የቆዩ ናቸው፤ የወሎ አምባ ያውቃቸዋል። በእሳቸው ቅጂ ውስጥ ክፍሉ ራሱ ይሰማል፤ ከመስኮት ውጭ ወፎች ይሰማሉ። አንድ ማሽን ብቻ፣ እሱም መቅጃው። ሁለቱን ሥራዎች አከታትዬ ስሰማ የእማሆይ ክፍል ሰፊ ሆና ትሰማኛለች፤ የኃይሉ ክፍል ደግሞ አኮርዲዮኑ በሚተነፍስበት ብቻ መስኮት ያላት ትመስለኛለች። በዚህ በኩል የእማሆይን አስበልጣለሁ። ግን እሳቸው የሠሩት ለራሳቸው ነው፤ ኃይሉ ሰው የሚጨፍርበትን ምት ብቻውን ሊያቆም ነው የተነሳው። ሸክሙ ይለያያል።

ኃይሉ ከዚያ በኋላ ዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነድቷል። ደንበኛ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ኪቦርዱን አውጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። ከሁሉም የጠበበችው ክፍል ያቺ መኪና ናት፤ ጠረጴዛዬ ከፍ አለ፣ አንገቴ ታመመ ስል እሷ ትዝ ትለኛለች። በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ሰው ከበሮ መቺ ይዞ ነው የመጣው፤ ያ አልበም በምቱ ከ«ሸሞንሟናዬ» ይሻላል። ያም ሆኖ እጄ የሚሄደው ወደ አሮጌው ነው።

በእኔ ክፍል ነገሩ በወቅት የተከፈለ ነው። በበጋ ማይክ ይከፈታል፤ ንፋሱ ከአሸተን ቁልቁል ሲወርድ ብቻ ይዘጋል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን ማይክ አይታሰብም፤ የሚሠራው በገመድ የሚገባው ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ብቻ በዚህ መንገድ በአምባሰል ቅኝት አሥራ አንድ ትራክ ደራርቤ ነበር፤ ከበሮ፣ ቤዝ፣ ኦርጋን፣ ከናሙና የተሠራ ክራር ሳይቀር። ሁሉም በቦታው ነበር። ስሰማው ግን እጄን የት እንዳስቀምጥ አጣሁ።

እኚያ አዛውንት ዳግም ሲመጡ የእኔን ሥራ አላሰማኋቸውም። የኃይሉን «አምባሰል» ከፈትኩላቸው። መሰንቋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መጀመሪያ ዝም ብለው ሰሙ። ያችን ድምፅ ወዲህ ናት፣ ወዲያ ናት ይሉ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሉም። ሐረጉ ሲያልቅና ወናፉ ሲዞር ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ድገመው እስቲ» አሉኝ። ደገምኩት። በሦስተኛው ላይ ጭራውን ከአኮርዲዮኑ ጋር አስማምተው ከሥር መምታት ጀመሩ፤ አኮርዲዮኑ በሚተነፍስበት እየገቡ፣ ሲመለስ እየወጡ። ማይኩን ለመክፈት እጄን ስዘረጋ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና መጫወታቸውን ቀጠሉ።