የ«ልዕልት ሞኖኖኬ» እውነት

የጃፓኑ ዳይሬክተር ሃያኦ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ1997 ለእይታ ያበቃው «ልዕልት ሞኖኖኬ» በእጅ ከተሳሉ ፊልሞች ሁሉ እኔ ዘንድ የመጀመሪያውን ቦታ ይይዛል። ታሪኩ ሲወራ ቀላል ይመስላል፤ ብረት አቅላጮች ደን ይመነጥራሉ፣ የደኑ አማልክት ደግሞ ይዋጓቸዋል።

ጥፋተኛውን ልፈልግ ብሎ የተነሳ ተመልካች ግን ይቸገራል። የብረት ከተማዋ እመቤት ኤቦሺ ዛፉን ታስጨፈጭፋለች፣ አማልክቱን በጠመንጃ ታስመታለች። ያቺው ሴት ለሴተኛ አዳሪነት የተሸጡ ሴቶችን ገንዘብ ከፍላ አውጥታለች፤ ሰው የሚሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ቁስል አጥባ በፋሻ አስራለች። ሴቶቹ ግዙፉን ወናፍ በእግራቸው እየረገጡ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ እየዘፈኑ ሲሠሩ ስታዩ ከተማዋ ትጥፋ ለማለት አንጀት አይገኝም። በተኩላ እጅ ያደገችው ሳን ጩቤዋን ይዛ ኤቦሺን ልትገድል ስትመጣም እውነት አላት። ወጣቱ አሺታካ ደግሞ ክንዱን የሚበላውን እርግማን ተሸክሞ በሁለቱ ሴቶች መሃል ይቆማል።

ከሁሉ የማይረሳኝ የደኑ መንፈስ አረማመድ ነው። አጋዘን የመሰለው ፍጡር ኮቴውን ባሳረፈበት ሁሉ ሣርና አበባ ይፈላል፤ ኮቴውን ሲያነሳ ያው ቡቃያ ይጠወልጋል። አንድም ቃል ሳይነገር፣ ሕይወትም ሞትም በእጁ መሆኑን እናያለን። እንዲህ ያለ ነገር ማሳየት የሚችለው ሥዕል ብቻ ነው። ጆ ሂሳይሺ ለፊልሙ የደረሰው ሙዚቃ ደግሞ ራሱን ችሎ ቢደመጥ አይሰለችም።

ክንድና አንገት የሚቆረጥባቸው ትዕይንቶች ስላሉት ለሕፃናት አይሆንም። ከፍ ላሉት ልጆቻችሁ ግን አብራችሁ ተቀምጣችሁ አሳዩአቸው።