ከቁመቱ በፊት ብረቱን እንጠይቅ

ስለ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ወሬ ሲነሣ በእኛ ዘንድ ከሁለት ነገሮች አንዱ ሳይባል አይቀርም። አንዱ ወገን እረኞች በሕንፃ ቁመት የሚፎካከሩበትን ዘመን የሚያመለክተውን ሐዲሥ አስታውሶ ነገሩን በዚያው ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ «ረጅሙን ሕንፃ ያቆመው እኮ ሙስሊም ነው!» ብሎ ደረቱን ይነፋል። ለመሆኑ ከሁለቱ ሕንፃውን አስተውሎ ያየ ማነው?

የሚባለው ሕንፃ ቺካጎ የሚገኘው ሲርስ ታወር ነው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊሊስ ታወር ይባላል። 110 ፎቅ፣ 442 ሜትር ቁመት አለው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ አርክቴክቱ ብሩስ ግራሃም፣ መሐንዲሱ ደግሞ የቤንጋሉ ተወላጅ ፈዝሉር ረህማን ኻን ነበሩ።

የእንዲህ ያለ ሕንፃ ዋና ፈተና ክብደቱ ሳይሆን ነፋስ ነው። ክብደት ወደ ታች ይጫናል፤ ነፋስ ግን ከጎን እየገፋ ሊያጎብጠው ይታገላል። ቁመት በጨመረ ቁጥር ለነፋስ ብቻ ተብሎ የሚገባው ብረት ከፎቁ ብዛት በላይ እየናረ ይሄዳል። ኻን ይህን ሸክም ወደ ውጭው ግድግዳ አወጡት። ምሰሶዎቹን አቀራርበው ተክለው በወፋፍራም አግዳሚዎች ሲያያይዟቸው ግድግዳው ራሱ እንደ ቀርከሃ ሆነ፤ ውስጡ ክፍት፣ ዙሪያው ጠንካራ። ይሁንና ቀርከሃው በጣም ሲሰፋ የማዕዘን ምሰሶዎች ሸክሙን ይሸከማሉ፣ የመሐሎቹ ይለግማሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጎኑ ወደ 23 ሜትር የሆነ ዘጠኝ ቱቦ ሦስት በሦስት አድርገው አሰሩ። የጋራ ግድግዳዎቹ በመሐል ገብተው የለገሙትን ምሰሶዎች ወደ ሥራ መለሷቸው።

ሁለቱ ቱቦዎች 50ኛው ፎቅ ላይ ያቆማሉ፤ ሁለቱ 66ኛው፣ ሦስቱ 90ኛው ላይ። እስከ ጫፍ የሚዘልቁት ሁለት ብቻ ናቸው። ከሩቅ ሲያዩት ደረጃ ደረጃ የሚመስለው ይኸው ነው እንጂ ለጌጥ የተጨመረ ነገር የለም።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። ኢስራፍ ነው ወይ? በ1931 የተሠራውና በቁመት የሚያንሰው የኒው ዮርኩ ኤምፓየር ስቴት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ200 ኪሎ በላይ ብረት ገብቶበታል። ሲርስ ታወር የፈጀው ወደ 160 ኪሎ ነው። እየረዘመ ብረት የቆጠበን ሕንፃ አባካኝ ማለት ይከብደኛል። (የመንገድ ዳሩን ግን አልወድለትም። ለእግረኛ ፊቱን ያዞረ ሕንፃ ነበር፤ መግቢያውም ተደጋግሞ መታደስ አስፈልጎታል።)

ኻን ይሠሩበት የነበረው ድርጅት ኋላ በ2010 የተመረቀውን የዱባዩን ቡርጅ ኸሊፋ ነደፈ። መሐንዲሱ ቢል ቤከር ሦስት ክንፎች በመሐል ያለውን ባለ ስድስት ጎን ግንድ ደግፈው እንዲይዙት አደረጉ። ክንፎቹ በየተራ እያጠሩ ስለሚሄዱ ነፋሱ በየከፍታው ሌላ ቅርጽ ያገኛል፤ ኃይሉን አስተባብሮ መግፋትም አይሆንለትም። እስከዚህ ድረስ እጅግ የሚደነቅ ሥራ ነው። ሆኖም ሰው የሚቆምበት የመጨረሻው ወለል 585 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የሕንፃው ቁመት 828 ሜትር ነው። ከ240 ሜትር የሚበልጠው ቁመት ማንም አይኖርበትም፣ ማንም አይሠራበትም። ያ ሐዲሥ ጆሮዬ ላይ የሚያቃጭለው ቺካጎ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

እኚሁ ኻን ብረትን በቆጠቡበት እጅ የጅዳን የሐጅ ተርሚናልም ነድፈዋል። በ1981 የተከፈተ ነው። 210 ነጭ ድንኳኖች በገመድ ተወጥረው ከምሰሶ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ጨርቁ ፀሐይን ይመልሳል፣ የሞቀው አየር በየድንኳኑ አናት ይወጣል። እሳቸውም በ1982 የሞቱት እዚያው ጅዳ ነው። ሐጅ አድርገው ከሆነ ምናልባት ሻንጣዎን ይዘው ከሥሩ አርፈው ይሆናል። ቀና ብለው አይተውት ነበር?