ፍርድና ምሕረት በብራያን ስቲቨንሰን መጽሐፍ

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ የተናገሩት፥ ሰውን የሚያስመርረው የጉዳቱ ብዛት ሳይሆን የፍርዱ መጓደል መሆኑን ስላወቁ ነው። አሜሪካዊው ጠበቃ ብራያን ስቲቨንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ያሳተመው «ጀስት መርሲ» የተባለው መጽሐፍ የሚያሳየን ግን፥ ከበቅሎም ከጭብጦም የሚበልጠው የሰው ሕይወት ያለ ፍርድ ሊሄድ ጥቂት እንደ ቀረው ነው።

የመጽሐፉ ዋና ታሪክ የዋልተር ማክሚሊያን ነው። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ በአላባማ ግዛት በሞንሮቪል አካባቢ በእንጨት ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበረ። በ1986 በከተማይቱ አንዲት ነጭ ወጣት ተገደለች፤ እርሱ በዚያ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን መርጃ ዓሣ እየተጠበሰ ሲሸጥ ከቤቱ እንዳልተለየ ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ መሰከሩ። የጥቁሮቹ ምስክርነት ግን ሚዛን አልደፋም። ነገሩ ገና ሳይሰማ ከአንድ ዓመት በላይ የሞት ፍርደኞች በሚጠበቁበት ወኅኒ ቤት አኖሩት። በ1988 የተደረገው ክርክር ያለቀው በአንድ ቀን ተኩል ነው። ከ12ቱ የጁሪ አባሎች 11ዱ ነጮች ነበሩ፤ እነርሱ እንኳ የዕድሜ ልክ እስራት ይበቃዋል ሲሉ፥ ዳኛው አሳባቸውን ሽሮ ሞት ፈረደበት። ዋናው ምስክር በሐሰት እንዲመሰክር መገፋቱን ሲናገር የተቀዳው ድምፅ ከተከሳሹ ወገን ተሰውሮ ቆይቶ በኋላ ተገኘ፤ ማክሚሊያንም በ1993 ነጻ ወጣ።

ሞንሮቪል የደራሲዋ የሃርፐር ሊ የትውልድ ከተማ ናት። እርሷም በ1960 ባሳተመችው ልብ ወለድ፥ በሐሰት ተከሶ ስለ ተፈረደበት ጥቁርና ስለ ተሟገተለት ነጭ ጠበቃ ጽፋለች። ከተማይቱ በድርሰቱ እጅግ ትኮራለች፤ የቀድሞውን ፍርድ ቤት እንኳ ቤተ መዘክር አድርጋዋለች። ለልብ ወለዱ ተበዳይ ያዘነ ሁሉ ለጎረቤቱ ተበዳይ እንደማያዝን ከዚህ እንረዳለን። በሃርፐር ሊ ድርሰት ተከሳሹን የምናውቀው በጠበቃው ደግነት በኩል ነው፤ በስቲቨንሰን መጽሐፍ ግን ተከሳሹ ራሱ ይናገራል፥ ይቀልዳል፥ ይፈራል። ብልጫውም ይህ ነው።

ደራሲው የማክሚሊያንን ታሪክ በየምዕራፉ እያቋረጠ የሌሎችን እስረኞች ጉዳይ ማስገባቱ የአንባቢውን አሳብ ይበትናል። ሆኖም ምክንያት አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 በማክለስኪ ጉዳይ፥ በጆርጂያ ግዛት ነጭ የገደለ ሰው ጥቁር ከገደለው ይልቅ ለሞት ፍርድ የተጋለጠ መሆኑን የሚያስረዳ ጥናት ቀርቦለት ነበር። እርሱ ግን ይህ በተከሳሹ በራሱ ላይ አድልዎ መፈጸሙን አያስረዳም ብሎ በ5 ድምፅ ለ4 ወሰነ። ቍጥር ካላሳመነ የሚቀረው የእያንዳንዱን ሰው ነገር መዘርዘር ነው። የአንድ ሰው በደል ብቻውን ቢነገር ድንገተኛ ስሕተት ነው ሊባል ይችላል፤ የብዙዎቹ አንድነት ግን ልማድ መሆኑን ያጋልጣል።

ስለ አርእስቱ አንድ ነገር እንጨምራለን። ትርጉሙ ወደ «ቅን ምሕረት» ይቀርባል። ነገር ግን ምሕረት ለበደለ ሰው ነው፤ ላልበደለው ለማክሚሊያን የሚገባው ፍርድ ነበረ። መጽሐፉ የንጹሖች ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ አርእስቱን በነቀፍነው ነበር። ደራሲው ግን በቬትናም ዘምቶ የተመለሰውንና ቦምብ አጥምዶ ሕፃን የገደለውን፥ በ1989 በኤሌክትሪክ ወንበር የሞተውንም ጥቁር ወታደር ጉዳይ አልሸሸገም። ለንጹሑ ብቻ የሚከራከር ሰው የሕጉን ግማሽ ይተዋል፤ አድልዎ የሚመዝነው ጥፋትን ብቻ ሳይሆን የቅጣትንም ልክ ነውና።

ዳኛ የጁሪን አሳብ ሽሮ ሞት የሚፈርድበት ሥልጣን በአላባማ በ2017 በሕግ ቀርቷል። ማክሚሊያን ግን ይህን ሳያይ በ2013 ዐርፏል። ስለዚህ ሕግ ለመማር የሚሰናዱ ወጣቶቻችን ይህን መጽሐፍ ያነቡት ዘንድ እንመክራለን፤ የተጻፈ ሕግ መልካም ሆኖ ሳለ ፍርድ እንዴት እንደሚጣመም ይማሩበታልና።