የመስመር እጥበት የሚያልቀው ቤት ውስጥ ነው

የውሃ መስመር በታጠበ ማግስት ከቧንቧው ሻይ የመሰለ ውሃ ሲወርድ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «ልጄ፣ ውሃችንን ምን አደረጋችሁት?» ብለው የሚጠይቁን እናት መልስ ይገባቸዋል። ለእኔ መልሱን አስቀድሞ መስጠት የሙያው ግማሽ ነው።

አሶሳን በመሰለ የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣ ከተማ ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ሥር ነው። ጉድጓዱ ብረትና ማንጋኒዝ ካለበት ሟሙተው ስለሚወጡ ዓይን አያያቸውም። አየርና ክሎሪን ሲያገኛቸው ግን ቡናማና ጥቁር ዝቃጭ ሆነው ውሃው በሚያዘግምበት የመስመር ክፍል ይተኛሉ። በአሮጌ የብረት ቧንቧ ላይ ዝገቱም ይጨመራል። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር ደግሞ ባዶ የቆየው መስመር ድንገት ሲሞላ የተኛው ሁሉ ይነሣል። ዝቃጩ ክሎሪኑንም ይበላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም እንዲቀር ይመክራል።

ዝቃጩን የሚያስወጣው ፍጥነት ነው። ውሃው በሰከንድ 1.5 ሜትር ገደማ ካልሮጠ የላላውን ብቻ ይቀሰቅስና ወደየቤቱ ይልከዋል። በ100 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ይህ ፍጥነት በደቂቃ 700 ሊትር፣ ማለትም 35 ጀሪካን ያህል ይፈጃል። ወረፋ ጠብቆ ለሚቀዳ ሰው ይህ ሁሉ ቦይ ሲገባ ማየት ያማል። ስለዚህ ወቅት እንመርጣለን፤ እኔ የጥቅምትን መጨረሻ እወዳለሁ። ዝናቡ ሲያበቃ ጉድጓዱ ጠግቧል፣ የቁፋሮ ጭቃውም ደርቋል።

አጠባው ከማጠራቀሚያው ተነሥቶ፣ ከትልቁ ቧንቧ ወደ ትንሹ ይወርዳል። የጎን ቫልቮች ተዘግተው ንጹሑ ውሃ ቆሻሻውን በአንድ አቅጣጫ ይገፋዋል። ቫልቭ ሲከፈትም ሲዘጋም ቀስ ተብሎ ነው፤ በችኮላ ከተዘጋ የውሃው ግፊት ተመልሶ ቧንቧውን ይመታል፣ መገጣጠሚያም ይፈታል። ከመውጫው በብርጭቆ ቀድቼ ነጭ ወረቀት ፊት እይዘዋለሁ። መጀመሪያ ወረቀቱ ጨርሶ አይታይም፤ ቀስ በቀስ ቡናማው ይሳሳል፣ በመጨረሻ ቀለም የሌለው ውሃ ይቀራል።

እዚህ ላይ ዕቃ ሰብስቦ መሄድ ስህተት ነው። ከዋናው መስመር እስከ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪውም እስከ ወጥ ቤት ባለው ቀጭን ቧንቧ ውስጥ የተነሣው ዝቃጭ ገና አለ። በዕለቱ የሮቶው መግቢያ ቢዘጋ፣ ነጭ ልብስ ባይታጠብ ይሻላል። ውሃው ሲመለስ ለቆጣሪው የሚቀርበውን ቧንቧ ከፍቶ እስኪጠራ መልቀቅ፣ የመጀመሪያውን ባልዲ ለመጸዳጃ ወይም ለግቢው ማንጎ ማዋል ይቻላል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ብረቱን አያወጣም፤ ስለዚህ እስኪጠራ አለመጠጣት ነው። ሳይጠራ ከዋለ ወይም ከሸተተ ማመልከት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ነዋሪው ከአጠባው በፊት ሊሰማው ይገባል። ቀኑና ሰዓቱ በቀበሌ፣ በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በቦኖው ወረፋ ይነገር፤ አማርኛ ለማይቀናቸውም በበርታኛ። ከመስመሩ ጫፍ ካለው ቤት ተቀድቶ የጠራና የክሎሪን መለኪያው ሮዝ ያሳየ ውሃ ሳይገኝ «ሥራው ተጠናቋል» ተብሎ አይፈረም። የምናጥበው ቧንቧ መሬት ውስጥ ቢቀበርም፣ የምንመዘነው ሰው በሚጠጣው ብርጭቆ ነው።